ልጄ የሬዲዮ ዲጄ ካልሆንኩ ብሎ ይዞኛል፣ ሆላንድ ውስጥ ይሄ ነገር እንጀራ ይሆናል?

የአመርስፎርት እናት

ሰላም ለሁላችሁ እንደምን ናችሁ። ኔዘርላንድ ያላችሁ፣ በተለይ የዚህን አገር ሬዲዮ የምትሰሙ ካላችሁ ምክር ፈልጌ ነው። ልጄ 17 ዓመቱ ነው፣ ኤምቤኦ፣ የሙያ ትምህርት ቤት ማለት ነው፣ እየተማረ ነው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ እዚህ ሰፈራችን ያለ ትንሽ የአካባቢ ሬዲዮ ላይ ፕሮግራም ይሰራል። በነጻ ነው የሚሰራው፣ የአውቶቡሱን እንኳን የምከፍለው እኔ ነኝ። እስከዛ ድረስ ችግር የለውም ነበር፣ ከመንገድ ይሻላል ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር እንዲያውም። አሁን ግን ትምህርቱን ትቼ ሙሉ ለሙሉ የሬዲዮ ዲጄ ካልሆንኩ ብሎ ይዞኛል። እኔ ዲጄ ሲባል ሠርግ ላይ ዘፈን የሚያጫውተው ነው የሚመጣልኝ፣ እሱ ደግሞ አይደለም ማሚ የሬዲዮ ሌላ ነው ይለኛል። ስጨቀጭቀው ሌክስ ሃርዲንግ የሚባል ሰውዬ ይጠራብኛል፣ ዲጄ ሆኖ ጀምሮ የራሱን ጣቢያ ከፍቶ ሀብታም የሆነ ነው፣ ማንም ዲግሪ አልጠየቀውም ምናምን። አባቱ ጭራሽ መስማት አይፈልግም፣ እኔ መሀል ላይ ነኝ።

ሰውየውን የምታውቁት አላችሁ? እውነት ነው የሚለው? እዚህ አገር የሬዲዮ ዲጄ ሆኖ ቤት ኪራይ ከፍሎ የሚኖር ሰው አለ ወይስ ልጄ ሕልም ላይ ነው?

ባስ ጨምር

እህቴ ምን ያስጨንቅሻል፣ ልጅሽ ነገ ቲየስቶ ሲሆን እኛንም እንዳትረሺን ሃሃሃ። የሆላንድ ዲጄ እኮ ዓለምን ነው የሚያስጨፍረው፣ ቲየስቶ በ2004 አቴንስ ኦሎምፒክ መክፈቻ ላይ ነው የተጫወተው፣ አርሚን ቫን ቡረን አለ፣ ስንቱ። ፍቺው ልጁን።

ጋሽ ታዴ ዩትሬክት

ባስ ጨምር አንተ የምትለው የጭፈራ ቤቱን ነው፣ ልጁ የሚለው ሌላ ነው፣ እናቱን አታደናግራት።

እህቴ፣ ልጅሽ የጠራው ስም ቀላል ስም አይደለም ግን ታሪኩን ግማሹን ነው የነገረሽ። እኔ እዚህ አገር የመጣሁት በ80ዎቹ መጨረሻ ነው፣ በፈረንጅ ማለቴ ነው፣ ፋብሪካ ስገባ ሬዲዮው ከጠዋት እስከ ማታ አይዘጋም ነበር፣ አብረውኝ የሚሰሩት ትልልቅ ሰዎች ደግሞ ስለ ቬሮኒካ ሲያነሱ የሞተ ዘመዳቸውን የሚያነሱ ነው የሚመስሉት። እኔም ሴትዮ መስላኝ ነበር መጀመሪያ። ጣቢያ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ድሮ እዚህ አገር ሬዲዮ የማኅበራት ነበር፣ ካቶሊኩ የራሱ አለው፣ ፕሮቴስታንቱ የራሱ አለው፣ ሶሻሊስቱ የራሱ፣ ሰዓቱን ተከፋፍለው ይይዙታል፣ ማስታወቂያ የለም፣ ለወጣት የሚሆን ዘፈንም የለም ማለት ይቻላል። በ1960 እነ ቬሮኒካ ምን አደረጉ፣ አሮጌ መርከብ ገዝተው፣ ማሰራጫ ጭነው፣ የሆላንድ ሕግ የማይደርስበት ባህር ላይ አቆሙና ከዛ ወደ መሬት መልቀቅ ጀመሩ። ትንሽ ቆይቶ ቬርዌይ የሚባሉ ሦስት ወንድማማቾች ያዙት፣ የሒልቨርሱም የጨርቃጨርቅ ነጋዴዎች ናቸው፣ ስለ ሬዲዮ የሚያውቁት ነገር የለም፣ ንግድ ግን ያውቃሉ። ማስታወቂያውን ሸጡት፣ ወጣቱ ሁሉ እነሱን ይሰማል። መንግሥት ተሸንፎ በ1965 ኦክቶበር ላይ ሒልቨርሱም 3 የሚባል የፖፕ ጣቢያ ራሱ ከፈተ፣ የዛሬው 3ኤፍኤም የሱ ልጅ ነው።

ሌክስ ሃርዲንግ የመድረክ ስም ነው፣ የእናት አባቱ ሎደዌይክ ደን ሄንግስት ነው። ያኔ ዲጄዎቹ ሁሉ የውሸት ስም ነበራቸው። እሱ የጀመረው እንግሊዝ ዳርቻ ቆሞ ለሆላንድ የሚያሰራጭ ሌላ መርከብ ላይ ነው፣ ሬዲዮ 227 ይባላል። እንግሊዞች በ1967 የባህር ሬዲዮን በሕግ ሲያግዱ ያ ቀረ፣ ሰውየው ወደ ቬሮኒካ መጣ። ሆላንድ ግን እያወቀች ዝም ብላ እስከ 1974 ቆየች። እነዚያ ሰባት ዓመታት ናቸው እንግዲህ የሆላንድን ዲጄ ሰው ያደረጉት። ቶፕ 40ን፣ የሳምንቱን 40 ተወዳጅ ዘፈኖች ዝርዝር ማለቴ ነው፣ ለዓመታት ያቀረበው እሱ ነው፣ ዝርዝሩ በወረቀት ታትሞ በየሸክላ ቤቱ በነጻ ይታደል ነበር፣ ልጆቹ ወረቀቱን ይዘው ነው ሬዲዮውን የሚሰሙት።

በ1974 ኦገስት 31 ማታ 12 ሰዓት ላይ ቬሮኒካ ከባህር ተዘጋች። ሌላው ዲጄ እንጀራው ተቆረጠ ብሎ ሲበተን እነ ሌክስ ግን አድማጩን አባል አድርገው አስመዝግበው ቬሮኒካን እንደ ማኅበር ወደ መንግሥቱ ጣቢያ ይዘዋት ገቡ። እዛ ማይክም ይዟል፣ የአለቃነት ወንበርም ይዟል። በ1992 ነው ወጥቶ ከኤሪክ ደ ዝዋርት ምናምን ጋር ሬዲዮ 538ን የከፈተው። 538 ምን እንደሆነ ልጅሽን ጠይቂው፣ ቬሮኒካ መጨረሻ ላይ የምታሰራጭበት የሞገድ ርዝመት ነው፣ በሜትር። በ1995 ደግሞ ቲኤምኤፍ የሚባለውን የሙዚቃ ቴሌቪዥን ከፈቱ።

እና ልጅሽ የዘለላት ነገር ይቺ ናት፣ ሰውየው የራሱን ጣቢያ ሲከፍት 25 ዓመት ገደማ ሬዲዮ ቤት ሰርቶ ነው። ፕሮግራም ማስያዝ፣ ሰው መቅጠር፣ ማስታወቂያ ምን እንደሚያመጣ፣ የዘፈን ዝርዝር እንዴት እንደሚወጣ ሁሉን በልቶ ጨርሷል። ሀብታም ያደረገው ድምፁ አይደለም።

ቴክኒሺያኑ (አዲስ አበባ)

ጋሽ ታዴ ይቅርታ ጣልቃ ገባሁቦት፣ እኔ እዚህ ሬዲዮ ጣቢያ ቴክኒሺያን ነኝ፣ አንድ ነገር አልገባኝም። መርከብ ላይ ሸክላ እንዴት ነው የሚጫወተው? ማዕበል ሲመጣ መርፌው አይዘልም? እኛ ስቱዲዮ በር በኃይል ሲዘጋ እንኳን ይዘል ነበር እኮ ድሮ።

ጋሽ ታዴ ዩትሬክት

ጥሩ ጠየቅክ። የቬሮኒካ ዲጄዎች አብዛኛውን ጊዜ መርከቡ ላይ አልነበሩም! ስቱዲዮው ሒልቨርሱም ከተማ ውስጥ ነው፣ ፕሮግራሙን በቴፕ ይቀዱታል፣ ቴፑ በመኪና ስኬቬኒንገን ወደብ ይሄዳል፣ ከዛ በጀልባ ወደ መርከቡ ይወሰዳል፣ እዛ ያሉት ቴክኒሺያኖች ናቸው የሚያጫውቱት። መቅዳት አይከለከልም፣ ማሰራጨት ነው የሚከለከለው፣ ማሰራጫው ደግሞ ባህር ላይ ነው፣ ምን ታመጣለህ። ሌሎቹ የባህር ጣቢያዎች ግን፣ እንደ ካሮላይን እንደ 227 ያሉት፣ ዲጄዎቹ እዛው ነው የሚያድሩት የሚበሉት የሚያስመልሱትም።

ማዕበሉን ካነሳህማ፣ በ1973 ኤፕሪል 2 ሌሊት የቬሮኒካ መርከብ፣ ኖርደርናይ ነው ስሟ፣ መልሕቋ ተበጥሶ ስኬቬኒንገን የባህር ዳርቻ አሸዋ ላይ ተቀመጠች። አስበው፣ ስንት ዓመት ሙሉ ሕግ የማይደርስባት የተባለችው መርከብ ሰው ልጁን ይዞ እየመጣ የሚያያት ሆነች። ለጥቂት ቀን የተፎካካሪያቸውን የካሮላይንን መርከብ ተውሰው ነው ያሰራጩት። ኤፕሪል 18 ላይ ተጎትታ ወጣች፣ በዛው ቀን ደግሞ ሄግ ላይ ለቬሮኒካ ትልቅ ሰልፍ ነበር።

ሁሉም ግን ጨዋታ እንዳይመስልህ። በ1971 ሜይ ላይ ሰዎች በጎማ ጀልባ መጥተው ራዲዮ ኖርዝሲ የሚባል ሌላ የባህር ጣቢያ መርከብ ላይ ፈንጂ አፈነዱ፣ መርከቡ ተቃጠለ፣ ሰው ግን አልሞተም። የከፈላቸው ማን ሆኖ ተገኘ? ከቬርዌይ ወንድማማቾች አንዱ፣ የቬሮኒካው አለቃ። አንድ ዓመት ተፈረደበት።

ቴክኒሺያኑ (አዲስ አበባ)

ወይ ጉድ። እኛ ጋ እኮ ጣቢያና ጣቢያ የሚጣላው በዛ ቢበዛ ስፖንሰር በመነጣጠቅ ነው።

ቴፕ ከሆነማ ገባኝ፣ ስህተት ሲኖር ቴፑን በሰያፍ በምላጭ ትቆርጠውና በማጣበቂያ ትገጥመዋለህ፣ ትላልቆቹ ናቸው ያስተማሩኝ፣ ቁርጡ ቀጥ ያለ ከሆነ ጠቅ ይላል፣ ሰያፍ ከሆነ አይታወቅም። እንደዛ የሰራ ዲጄ ደግሞ ወሬ አያበዛም፣ ምክንያቱም ያበዛት ወሬ እጁ ላይ ነው የምትቀረው። የአሁኖቹ ማይክ ሲከፈት አፋቸውም አብሮ ይከፈታል አይዘጋም።

ሚሚ ዘሄግ

ጋሽ ታዴ ታሪኮት ደስ ይላል ግን ሁሉም ወንድ ነው እንዴ? ቲነከ ደ ኖይን እንዴት ይረሷታል፣ ከቬሮኒካ ከመጀመሪያዎቹ ጀምሮ የነበረች ናት፣ የሆላንድ የመጀመሪያዋ ሴት ዲጄ እሷ ናት የሚባለው። ስንቱ ጣቢያ ተዘግቶ ስንቱ ሲከፈት እሷ አለች።

የአመርስፎርት እናት፣ እኔ ደግሞ ስለ አሁኑ ልንገርሽ፣ ልጅሽ የሚገባው 1970 ውስጥ አይደለምና። እዚህ አገር ታዋቂ ዲጄ ማለት የጠዋቱን ፕሮግራም የያዘ ነው። ኤድዊን ኤቨርስን ውሰጂ፣ ለዓመታት ጠዋት ጠዋት 538 ላይ ግማሹን አገር ወደ ሥራ ሲሸኝ ኖሮ በ2018 ዲሴምበር መጨረሻ ሲያቆም ቴሌቪዥኑ ሁሉ ስለሱ ነበር የሚያወራው። ግን ቁጭ ብለሽ አስቢው፣ የጠዋት ወንበር በየጣቢያው አንድ ነው። የሚጠብቀው ሰው ደግሞ ብዙ። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ማንም በማይሰማበት ሰዓት ነው የሚጀምሩት፣ አብዛኞቹም ቋሚ ቅጥር የላቸውም፣ በኮንትራት ነው፣ አዲስ አለቃ መጥቶ ድምፁን አልወደድኩትም ካለ አለቀ።

ሌላው ልጅሽ ዘፈን የሚመርጠው እሱ ከመሰለው ይወቀው፣ ትልልቆቹ የንግድ ጣቢያዎች ላይ ዘፈኑን የሚወስነው የሙዚቃ ክፍሉ ነው፣ ኮምፒውተር ያሰልፈዋል፣ ዲጄው መሀል ላይ ነው የሚያወራው።

ደግሞ ሥራው ሁሌ ሳቅ አይደለም። ሩድ ደ ዊልድ የሚባል ዲጄ አለ፣ በ2002 ሜይ 6 ቀን ፒም ፎርታይን የሚባለውን ፖለቲከኛ ሒልቨርሱም 3ኤፍኤም ላይ ኢንተርቪው አድርጎት፣ ሰውየው ከስቱዲዮ ወጥቶ ወደ መኪናው ሲሄድ እዛው ፓርኪንጉ ላይ በጥይት ገደሉት። ምርጫው ሊደረግ ቀናት ነበር የቀሩት። ሩድ እዛው ነበር። ዲጄ ሆነሽ ሥራ ገብተሽ እንደዛ ያለ ነገር ማየት። ከዛም በኋላ ለዓመታት ሬዲዮ ሰርቷል፣ ሥዕልም ይስላል።

ደስ የሚለውንም ልንገርሽ እንዳላስፈራራሽ። ከ2004 ጀምሮ 3ኤፍኤም ሲርየስ ሪክዌስት የሚባል አለው፣ ከገና በፊት ሦስት ዲጄዎች ከተማ አደባባይ ላይ በመስታወት ቤት ይቆለፍባቸዋል፣ ምግብ የለም ጭማቂ ብቻ፣ ሌት ተቀን ያሰራጫሉ፣ ሰው እየከፈለ ዘፈን ያስመርጣል፣ ገንዘቡ ለቀይ መስቀል ይሄድ ነበር። የመጀመሪያው ዩትሬክት ነበር፣ ለዳርፉር፣ እነ ሂል ቤለን ነበሩ። በ2016 ብሬዳ ላይ ታይን የሚባል የ6 ዓመት ልጅ፣ የአንጎል ካንሰር ነበረበት፣ ጥፍር እየቀባሁ ገንዘብ እሰበስባለሁ ብሎ አገሩ ሁሉ፣ ወንዱ ሴቱ፣ ጥፍሩን ተቀባ፣ ሚሊዮኖች ገባ። እኔም ቀብቼ ነበር። ለእማዬ በስልክ ስነግራት ዲጄዎቹ ስድስት ቀን አይበሉም ስላት "ስድስት ቀን ምን አላት፣ ሁዳዴን ይሞክሩት" አለችኝ።

ባስ ጨምር

እሺ እሺ ተቀበልኩ፣ የሬዲዮውን ዓለም ብዙም አልከታተልም፣ ግን ሸክላ ሰብሳቢ ስለሆንኩ አንዱን ሰውዬ አውቀዋለሁ። ጋሽ ታዴ ቶፕ 40 ያሉትን የጀመረው ዮስት ደን ድራየር ነው፣ እውነተኛ ስሙ ቪለም ቫን ኮተን። በ1965 ጃንዋሪ 2 ነው ዝርዝሩ የጀመረው፣ አንደኛ የነበሩት ቢትልሶች ናቸው። ይሄ ሰውዬ ዲጄ ብቻ አልነበረም፣ ሬድ ቡሌት የሚባል የሙዚቃ ኩባንያ ነበረው፣ ሾኪንግ ብሉ የሚባለው የሄግ ባንድ ቪነስ የምትለው ዘፈን በ1970 አሜሪካ አንደኛ ስትወጣ መብቷ እሱ ጋ ነው።

አሁን ስሙት። ከዓመታት በኋላ ሸክላ ቤት ገብቶ ሲያዳምጥ የብዙ ዘፈን ቁርጥራጭ የተገጣጠመበት የተሰረቀ ሸክላ ይሰማል፣ ውስጡ የራሱ ቪነስ አለችበት። እኔ ፈቃድ አልሰጠሁም እኮ አለ። እኛ ብንሆን ጠበቃ ነው የምንይዘው፣ ሰውየው ግን ሐሳቡ ደስ አለውና ሕጋዊውን ራሴ ልስራው ብሎ ያፕ ኤገርሞንት የሚባል ፕሮዲዩሰር ያዘ፣ የጎልደን ኢሪንግ ከበሮ መቺ የነበረው። ስታርስ ኦን 45 እንደዛ ተወለደ፣ በ1981 አሜሪካ ቢልቦርድ ላይ አንደኛ! የአሜሪካኑ ሸክላ ላይ ርዕሱን ብታዩት ደግሞ ውስጡ ያሉት ዘፈኖች ሁሉ ተዘርዝረው በመብት ጉዳይ 41 ቃል ነው፣ ሸክላው ላይ ማንበብ ራሱ ጣጣ ነው።

ዝርዝር የሚያወጣው ሰው ዘፈን የሚሸጠውም እሱ ከሆነ ዛሬ ሰው ይጮህ ነበር በርግጥ። ያኔ ግን ሁሉም እየሰራ ነው የሚማረው፣ ማን ይጠይቃል።

ኮድ ጻፊው

አንድ ሰው ልጨምር፣ አዳም ከሪ። ተወልዶ አሜሪካዊ ነው ግን በልጅነቱ ሆላንድ መጥቶ እዛ ነው ያደገው፣ ጀማሪ ሆኖ ያለ ፈቃድ በሚሰራጭ ሬዲዮ ነው የጀመረው፣ ከዛ ቬሮኒካ፣ ዓርብ ማታ ከየሩን ቫን ኢንከል ጋር የሚሰሩት ፕሮግራም ዝነኛ ነበር፣ ከዛ በ1987 አሜሪካ ሄዶ ኤምቲቪ የሚባለው የሙዚቃ ቴሌቪዥን ላይ ቪጄ፣ የዘፈን ቪዲዮ አቅራቢ ማለት ነው፣ ሆነ። ጎበዙ ማንም ኢንተርኔት ሳያውቅ በ1993 ኤምቲቪ ዶት ኮም የሚለውን አድራሻ በራሱ ስም አስመዝግቦት ጣቢያው በኋላ ከሶት፣ በስምምነት ነው ያለቀው። ከዛ በ2004 ከዴቭ ዋይነር ጋር ሆኖ አዲስ የተቀዳ ድምፅን በኢንተርኔት በራሱ ወደ አይፖድ የሚልክ ነገር አስተዋወቁ፣ ፖድካስት የምንለው ማለት ነው። ለዚህ ነው የፖድካስት አባት የሚሉት።

ለልጅሽ የምለው ሬዲዮውን ይስራ፣ ግን ትምህርቱን አይተው፣ እዛው ሚዲያ ትምህርት ቤት ያለውን ማሽን ሁሉ ይነካካ።

የአመርስፎርት እናት

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ እኔ ሁለት ሰው ይመልስልኝ ይሆናል ብዬ ነበር። ለልጄ አነበብኩለት፣ አማርኛ መናገር እንጂ ማንበብ ስለማይችል። የመርከቡን ሲሰማ አውቀዋለሁ አለ፣ የፈንጂውን ግን አያውቅም ነበር፣ ዝም ብሎ ሰማኝ፣ ጋሽ ታዴ 25 ዓመት ያሉት ላይ ፊቱ ትንሽ ቀየር አለ። የሚሚን ሳነብለት ደግሞ የዘፈኑን ነገር አውቃለሁ አለኝ፣ እኛ ሎካል ላይ ግን ራሴ ነኝ የምመርጠው አለ። አንድ ዓርብ ማታ ሄጄ አየዋለሁ ብዬዋለሁ፣ ፕሮግራሙ ቅዳሜ ቢሆንም ከዋዜማው የሚያዘጋጅ ነው የሚመስለኝ እንቅልፍ የለውም።

ለአባቱ ግን ምን ልበለው? እሱ ሬዲዮ ሲባል መዓዛ ብሩን ነው የሚያውቀው፣ ሌላው ጩኸት ነው ይላል።

ጋሽ ታዴ ዩትሬክት

እንግዲያውስ በዛው ያዢው! መዓዛ ብሩ እኮ ማይክ ይዛ ጀምራ ነው ሸገርን የመሠረተችው፣ ልጅሽ የሚለውም ያንኑ ነው። ዋናው ግን አባትየው የፈራው ትምህርቱን ነው፣ ዲጄነቱን አይደለም፣ ኤምቤኦውን ይጨርስ ሬዲዮውም ይቀጥል በሉት አብራችሁ፣ ሁለቱን አንድ ላይ መያዝ ይቻላል። ደግሞ ልጅሽ ሆስፒታል ሬዲዮ ይሞክር፣ እዚህ አገር ለታማሚዎች የሚያሰራጩ በበጎ ፈቃደኞች የሚሰሩ ጣቢያዎች አሉ፣ ብዙ የታወቁ ዲጄዎች ከዛ ነው የወጡት። አልጋው ላይ ያለ ሰው ዘፈን ሲመርጥ ማውራትም ማዳመጥም ትማራለህ።

ሚሚ ዘሄግ

ዴሞ፣ ማሳያ የሚሆን ቅጂ ማለቴ ነው፣ አለው ግን? ትልቅ ጣቢያ ልምምድ ልግባ ሲል መጀመሪያ የሚሉት ዴሞ ላክ ነው።

የአመርስፎርት እናት

አለኝ ይላል፣ የአንድ ሰዓት ፕሮግራም ቀድቶ አስቀምጧል።

ቴክኒሺያኑ (አዲስ አበባ)

እህቴ የአንድ ሰዓት ማንም አይሰማለትም፣ እዚህም እዛም ያለ አለቃ አንድ ነው። ዘፈኖቹን ቆርጦ ያውጣቸው፣ መግቢያቸውና መውጫቸው ላይ ሁለት ሦስት ሰከንድ ብቻ ይቅር፣ የሚሰማው የሱ ወሬ ነው። ሁሉም ተደምሮ ከሦስት ደቂቃ አይለፍ፣ ጥሩውን መጀመሪያ ላይ ያድርገው፣ መጨረሻ ላይ አይሸሽገው፣ መጨረሻው ጋ አይደርሱም። የመጀመሪያዎቹ 20 ሰከንዶች ውስጥ ስሙን ይናገር። እስከ እሑድ ቆርጦ በቴሌግራም ይላክልኝ ደች ባልሰማም ድምፁን አየዋለሁ፣ ማይኩ ላይ በጣም ይጠጋል አይጠጋም የሚለውን ቋንቋ አይጠይቅም።